በእግር ኑልን

አውሮፕላን ሲያልፍ ከሰማሁ እስካሁን ድረስ እጄ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ይሮጣል። የተሰጣ ነጭ ነጠላ ካለ ሰብስቤ እገባለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። "እማየ፣ መንገደኛ የጫነ እኮ ነው፤ ያንቺን ነጠላ ምን ያደርግለታል?" ይሉኛል። ይሳቁ። እኔ በነሱ ዕድሜ ያየሁትን አላዩም፤ ላውራላቸው እንጂ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፣ ወደ ማብቂያው ግን ተቃርቧል። እኔ ባሌን ፈትቼ፣ አንዲት አመለኛ ፍየል እየጎተትሁ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁበት ዓመት ነበር። ቤታችን ከግንደወይን ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ በላይ፣ ተረተሩ ላይ ነው። አዲስ ግብር መጣ ተባለ። መሬት ለካሚዎች ቢቸና ገቡ፣ ሞጣ ገቡ ሲባል ሰዉ "ርስታችንን ሊወስዱብን ነው" ብሎ ተነሣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔን በጫንቃው ተሸክሞ ያሳደገኝ ጋሼ፣ ጠመንጃውን አንሥቶ ገደል ወረደ። ብዙ ሰው ተከተለው። መንግሥት "የሽፍታ አለቃ" አለው። እኛ ቤት ግን እራቱን ሳይበላ የወጣ ሰው ነው፤ እናቴ የሱን ድርሻ ከድና ሳታስቀምጥ አትተኛም ነበር።

መጀመሪያ የመጡት በእግራቸው ነው። ወታደሩን የሚመሩት ነጭ ለባሾች ነበሩ፤ መንግሥት ጠመንጃ የሰጣቸው የአገራችን ገበሬዎች ማለት ነው፣ ግማሾቹም አማቾቻችን። ገና ወንዙን ሳይሻገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘፍናሉ። ጋሼ ቤት ከሆነ ዘፈኑን ይሰማል፣ ጠላውን ይጨርሳል፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ ወታደሩ ይደርሳል፣ ቤቱን ይበረብራል፣ ዶሮ አንቆ ይመለሳል። አይወደድም፤ ግን ሰው ነው። ትለምኝዋለሽ፣ ትረግሚዋለሽ፣ ውኃም ታጠጪዋለሽ።

አዛዣቸው ከሌላ አገር የመጣ ወጣት መቶ አለቃ ነበር። አንድ ቀን እግሩ ተልጦ ደጃችን ላይ ተቀመጠ። እናቴ ውኃ አሙቃ አቀረበችለት።

"እማማ፣ ዋርሳዎ የት ነው?" አላት እግሩን እየነከረ።

"ባውቅማ እራቱ ሻጋታ ባላበቀለብኝ።"

ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተወው። "የኔ መመላለስ ሰልችቷችኋል፤ ይገባኛል። ግን እኔን ይሻላችኋል። አለቆቼ በእግር መሄዱ ሰው አስጨረሰ እያሉ ነው። ከላይ ቢሆን ይሻላል ብለዋል።"

"ከላይ ማለት?"

በጣቱ ሰማዩን አሳያት።

"ለማን ነው የሚሻለው?"

"ለኔ ልጆች" አለ፣ አጥሩ ሥር የተጋደሙትን ወታደሮች እያየ። "ባለፈው ገደሉ አፍ ላይ ልጆች ጥዬ ተመለስኩ። እነሱም እናት አላቸው እኮ፣ እማማ።"

እናቴ እግሩን ቅቤ ቀብታ ሸኘችው።

አውሮፕላኑ መጣ። መጀመሪያ ሲያልፍ እልል ያልን አለን፤ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አይተነው አናውቅማ! ዞሮ ተመለሰና ጋሼ ያድርበታል የተባለውን አውድማ መታ። ጋሼ ከዚያ ቦታ ከለቀቀ ሰንብቷል፤ ያለቁት የጎረቤታችን በሬዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋ። ነጭ ነገር ከላይ ይታየዋል ስለተባለ የተሰጣ ልብስ ሰብስበን እንሮጣለን። ሊጥ አቡክተን እንጥልና ገደል እንወርዳለን፤ ስንመለስ ሊጡ ኮምጥጦ ይጠብቀናል። ንብ እልፍ ካለች ከተቀመጥንበት እንዘላለን። እኔ እንስራውን ሞልቼ አቀበቱ ጫፍ ላይ ስደርስ የሰማሁ ይመስለኝና ጥዬው እሮጣለሁ፤ ምንም የለም፤ እንደገና ልቀዳ እወርዳለሁ። እግሬ ቤትም ዱርም አልሆነልኝ።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበና "ይህ ነገር መለመን አለበት" አለ።

"ማን ይለመናል?" አሉ ቄሱ። "እሱ አይወርድ፣ እኛ አንወጣ!"

"የምናውቀውን፣ መቶ አለቃውን ነዋ።"

ወደ ሞጣ ሄዱ፤ እኔም ስንቃቸውን ተሸክሜ ተከተልሁ። የጦር ሰፈሩ በር ላይ ሲደርሱ፣ ምሕረት የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ አሉ። መቶ አለቃው እያነከሰ ወጣ።

"ኧረ አውርዱት፣ አባቶቼ! ምንድን ነው ይሄ?"

"በእግር ኑልን" አለ አባቴ እንዳጎነበሰ። "ዶሮውንም ብሉ፣ ቤቱንም በርብሩ። ብቻ በእግር ኑልን።"

ከበረኞቹ አንዱ "ወታደር ናፈቀን የሚል አገር ዛሬ አየሁ!" ብሎ ሳቀ።

መቶ አለቃው አልሳቀም። "በእግሬ ብመጣ ወንድምዎን ይሰጡኛል?"

አባቴ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደላደለ። ከዚያ "ወንድሜን አልሰጥም" አለ። "እኔን ያዙ። እኔ ታስሬ እሱ ገደል ለገደል አይዞርም፤ በራሱ እግር ይመጣል። እስኪመጣ ግን ያን ነገር ከራሳችን ላይ አንሡልን።"

"በሬድዮ እነግራቸዋለሁ። የማዘው ግን እኔ አይደለሁም፣ አባቴ።"

"ከነገርህማ በቃ" አለ አባቴ። ድንጋዩን አወረደና እስር ቤት ገባ። ለኛ የተነገረ ነገር እንደተፈጸመ ነበር የሚቆጠረው።

እኔ እየሮጥሁ ገደል ወርጄ ጋሼን አገኘሁት።

"ማን አሰረው?" አለኝ።

"ራሱ ገባ። እስክትመጣ ብሎ።"

"አየ ተንኮለኛ! ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚረታኝ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጠመንጃውን ለባልንጀራው አቀበለና "በማለዳ ሞጣ እንገባለን" አለ።

ማለዳ ተነሣን፤ ጋሼ፣ ቄሱና እኔ። እናቴ ቤት ቀረች። የእርቅ መንገድ ነውና በገላጣው መሄድ አለብን አለ ጋሼ፤ ተደብቆ የሚታረቅ የለም። ሞጣ ከሩቅ መታየት ስትጀምር ድምፁ መጣ። እኔና ቄሱ ገብስ ውስጥ ተደፋን። ጋሼ ግን እንደቆመ ነው፤ ጋቢውን ጥሎ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። "ያየኛል፤ ባዶ እጄን እንደሆንሁ ያያል" ይላል። አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ። ወደ ተረተሩ፣ ወደኛ ቤት ሄደ። ቀጥሎ መሬቱ ከሆዴ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ጭሱ ተነሣ።

"ሞጣ ደርሰናል እኮ! ወንድምህ ታስሮ!" ቄሱ ክንዱን ያዙት።

ጋሼ ወደ ሞጣ አየ፣ ወደ ጭሱ አየ። "አንቺ ወደ አባትሽ ሂጂ" አለኝና ወደ ቤት ሮጠ። ፊቴ ወደ ኋላ ዞሮ፣ እግሬ ወደ ፊት እየሄደ ሞጣ ገባሁ።

መቶ አለቃው በር ላይ ነበር። ሳልጠይቀው "ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰምተናል ብለውኝ ነበር" አለ።

"እየመጣ ነበር። በእግሩ እየመጣ ነበር" አልሁት። ፊቱን አዙሮ በሩን አስከፈተልኝ።

እናቴ ወንዝ ወርዳ ስለነበር ተርፋለች። ቤታችን ውስጥ ግን የጎረቤታችን ሚስት ከነልጆቿ ተጠልላ ነበር፤ "እርቅ የተጀመረበት ቤት አይመታም" ብላ። ጋሼ ቀበራቸው፤ ጠመንጃውንም መልሶ ተቀበለ።

አባቴን ወዲያው አልለቀቁትም። ስንቅ ስወስድለት ጠባቂው ፈቀቅ እስኪል ይጠብቅና "ወንድሜ ደኅና ነው?" ይለኛል።

"ደኅና ነው።"

"እንዳይመጣ በይው" ይለኛል፤ እንጀራውን ይቆርሳል።