እትዬ ይተንፍሱ

ራጅ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ይተንፍሱ» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሽተኛውን ማሽኑ ፊት አቁማ፣ «አየር ይሳቡ፤ ይያዙ» ብላ ቁልፉን ከተጫነች በኋላ «ይተንፍሱ» ሳትል የቀረችበት ቀን የለም። ጀማሪዎቹ ግን ፎቶው ከወጣላቸው ሌላውን ይረሱታል፤ ምስኪኑ ሽማግሌም ጉንጩን ነፍቶ እንደተገተረ ይቀራል። ያን ጊዜ የእሷን ቁጣ አያድርስ ነው።

«ሰውዬው እስኪፈነዳ ነው የምትጠብቀው? ያዝ ያልከው አንተ፣ ልቀቅ የምትለውም አንተ!»

ወረርሽኙ የመጣ ሰሞን ክፍሉ ገና ይቀልድ ነበር። አንዱ ባልደረባዋ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ ምሳ ይበላ ጀመር። «ጨረር ያላለፈውን ቫይረስ ያልፈዋል እንዴ?» እያለ ሆዳቸው እስኪቆስል አሳቃቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ራሱ አልጋ ላይ ዋለና ፎቶውን እሷ አነሳችው። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። «ይያዙ» ሲባሉ የሚይዙት ትንፋሽ የሌላቸው ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ይመጡ ነበር። ጥቁር ሆኖ መታየት የነበረበት ሳንባ ከግርጌው ነጭ ጉም ለብሶ ይወጣል። ፎቶ ማንበብ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ እሷ ግን ገና ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ታውቀው ነበር።

ሰኞ ዕለት ባሏ ማሳል ጀመረ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የስንቱን ትንፋሽ ሲጭን እንደከረመ ማን ያውቃል። ናሙና ሰጠ፤ ውጤቱ አርብ ይደርሳል ተባለ። ቤት ውስጥ የሰማንያ አንድ ዓመት እናቱ ስላሉ የጓሮውን ክፍል ለቀቀችለትና ምግቡን በር ላይ፣ ዱካ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር። እማማ ግን ይህ አልዋጥላቸው አለ። ከበሩ አልነቃነቅ ብለው ያለቅሳሉ።

«አንድ ልጄን እንደ ባዕድ በር ላይ ታበይዋለሽ? ምን በደለሽ?»

«እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ክፈቺው!»

ሁለት ቀን ቻለችው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ራጅ ክፍሉ ጭር ሲል፣ ባሏን በሆስፒታሉ የጓሮ በር አስገብታ ያለ ካርድ አነሳችው። ሳብ፣ ያዝ፣ ተንፍስ። ሁለቱም ሳንባ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የጉም ዘር የለበትም። እንባዋ መጣ።

«ንጹሕ ነህ!» አለችው።

ለጀማሪዎቹ ያስተማረችው እኮ እሷ ናት፤ በሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቶ ላይ አይታይም፣ ጥርት ያለ ፎቶ አይታችሁ ማንንም ጤነኛ ነህ እንዳትሉ ብላ። ግን ያ ሁሉ ስለ ሰው ባል ነበር። የራሷ ሲሆን ዓይኗን አመነች።

የዚያኑ ዕለት በሩን ከፈተችው። እማማ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ግንባሩን ዳበሱ፣ ሾርባውን በእጃቸው አጎረሱት፣ የተረፈውንም ራሳቸው ጨረሱት። አርብ ውጤቱ ሲመጣ ባሏ ተይዟል። በሩን መልሳ ዘጋችው፤ ምን ዋጋ አለው። እሱ በአሥር ቀን ውስጥ አገገመ። እማማ ግን በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ተንቀሳቃሹን የራጅ ማሽን እየገፋች ወደ ሕሙማኑ ክፍል ስትሄድ፣ ከያዘችው የትእዛዝ ወረቀት ሦስተኛው ላይ የእማማን ስም አየች። አደራ የምትለው ባልደረባ አልነበረም፤ ግማሾቹ ታመዋል። ከእግር እስከ ራሷ በፕላስቲክ ተሸፍና አልጋው ጋ ደረሰች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ፣ አንቺ ነሽ? ፊትሽን ምን ዋጠው?» አሉ፤ በየቃሉ መሃል ያርፋሉ። «ልጄስ?»

«ተሽሎታል። ይነዳል በቅርቡ።»

«ተመስገን። ያኔ በሩን... ባትከፍቺልኝ... በናፍቆት እሞት ነበር። ተባረኪ ልጄ።»

ፎቶውን የሚቀበለውን ሰሌዳ ከጀርባቸው ሥር አስገባች፤ የማሽኑን ክንድ አስተካከለች።

«አየር ይሳቡ እማማ። ይያዙ።»

ተጫነች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ከታች እስከ ትከሻው ድረስ ነጭ ነበር። በሩን የከፈተችበትን ሰዓት የምታይበት ይመስል እዚያው ፈዝዛ ቀረች። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ጎናቸው የተኛችው ሴትዮ «ኧረ እቴ፣ ሴትዮዋን እዪያቸው!» ብላ ስትጮህ ዘወር አለች።

እማማ ትንፋሹ እንዳያመልጣቸው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው፣ «ይተንፍሱ» እስክትላቸው ይጠብቁ ነበር።