የፋንታሁን ልጅ በፒያሳ ዳገት

ፋንታሁን ክፉ ሰው አይደለም። እንፍራንዝ ገበያ ወጥታችሁ ብትጠይቁ፣ ለተቸገረ የሚደርስ፣ ማኅበር የማያጓድል ገበሬ ነው ይሏችኋል። ስንት ልጅ እንዳለው ብትጠይቁ ግን አንድ ወንድ ብቻ ይሏችኋል፤ ወለላን ያየ ጎረቤት ጥቂት ነውና። እግሮቿ ሳይጸኑ የተወለደችው ልጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ትገባ ነበር። ኋላ ጎንደር የምትኖረው አክስቷ የትነበርሽ መጥታ ወሰደቻት። ፋንታሁን እፎይ አለ። በአፉ አይደለም፣ በሆዱ።

ዘንድሮ ወንዱን ልጁን ሊድር ነው። ከሙሽራዋ አባት ከሰውአገኝ ጋር የሠርግ ልብስ ሊገዙ ጎንደር ወጡ። ሰውአገኝ ደግሞ ዘር ቆጣሪ ነው፤ የሚዛመደውን ቤት ሳያጣራ ልጅ አይሰጥም። አንዲት እግረ ሽባ እንዳለች ቢሰማ፣ «በዘራቸው ያለ ነገር ነው» ብሎ ሠርጉን ማፍረሱ አይቀርም። ፋንታሁን የፈራው ይህን ነው።

ወደ ፒያሳ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሲደርሱ መንገዱ ለከተማው ማራቶን ተዘግቷል። ይህ ሩጫ ድሮ ሲጀመር የሚሮጡት እግረ ቀጫጭን ጎረምሶች ብቻ ነበሩ። እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ልጅ ያዘለች እናት፣ ባለ ከዘራ ሽማግሌ፣ ከመሪው ጋር በገመድ የተያያዘ ዓይነ ስውር ሁሉ ይተምበታል። ቀጥሎ በተሽከርካሪ ወንበር የሚወዳደሩት ብቅ አሉ። የምትመራቸው ወለላ ነበረች።

«አያ ፋንታሁን፣ ይችን ልጅ እያት! የማን ትሆን?» አለ ሰውአገኝ።

«እኔ እንጃ!» አለ ፋንታሁን፣ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ።

ወለላ ቀና ብላ አየችው። አጠገባቸው ነበረች፤ ሰምታለች። ወዲያው አንገቷን ደፍታ መግፋቷን ቀጠለች። ዳገቱ ግን ከበዳት፣ በላብ የራሰ እጇ አዳለጣትና ወንበሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ፋንታሁን ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ ዘሎ ገብቶ ገፋላት።

ፊሽካ ተነፋ። አስተናባሪው እየሮጠ መጣ። «አባት፣ ምኗ ነዎት? ዘመድ ከገፋት ከውድድር ውጪ ናት። እንዲሁ የገባ ተመልካች ከሆነ ግን ወደ ነበረችበት ተመልሳ ትቀጥላለች።»

«ልጄ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። ወለላ ቀደመችው።

«እኒህን ሰው አላውቃቸውም» አለች።

ለውድድሩ ብላ ይሁን ከልቧ፣ ፋንታሁን መለየት አልቻለም። እፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ወረረው። ለካ ሲክዱት እንዲህ ነው! እሷ ይህንን ጓዳ ተቀምጣ ስንት ዓመት ስትሰማው ኖራለች።

«እርስዎስ?» አለ አስተናባሪው።

«አላውቃትም።»

ከነወንበሯ ወደ ታች መለሷት። እንደገና ጀመረች፤ ስትገፋ፣ ስታርፍ፣ ስትገፋ፣ ሕዝቡ እየጮኸላት ዳገቱን ወጣችው። ማንም አልቀደማትም። ሰውአገኝ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ።

«እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ናት ጃል! አባቷ ምንኛ ታድሏል! ምነው ከእሱ ጋር በተዛመድሁ!»

ፋንታሁን አፉን ከፈተ። አስተናባሪው ገና አጠገባቸው ቆሟል። አፉን መልሶ ዘጋና እንደማንኛውም መንገደኛ ማጨብጨብ ጀመረ።