የእማማ ማያ ወፍ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስለ እስያ ወፎች ቪዲዮ ከፍቶ ሲያይ፣ ጭራዋ ረዘም ያለ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከኮረብታ ሣር ውስጥ «ቺዊ፣ ቺዊ» አለች። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ውጭ አገር፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል ጎዳና ላይ ስንኖር፣ እናቴ ሥራ ስትሄድ የምትተወኝ ጎረቤታችን እማማ ማያ ዘንድ ነበር። ከኔፓል የመጡ አሮጊት ናቸው። የሰናፍጭ ዘይት በሚሸተው ጉያቸው አስቀምጠውኝ ልክ እንደዚያች ወፍ ያፏጩልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሕንፃው ጀርባ ያደገውን ሣር በማሽን ሊያጭድ ሰው መጣ። እማማ ማያ ሮጠው ማሽኑ ፊት ቆሙ። «ኖ! ቤቢ በርድ!» ይላሉ፣ የወፍ ጫጩት አለ ለማለት። ሰውየው ሣሩን ገላልጦ አሳያቸው፤ ምንም ጎጆ የለም። እሳቸው ግን አልሄድ አሉ። ይሄኔ እናቴ ከሥራ ደረሰች። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ አፈረችና፣ አማርኛ እንደማይሰሙ ረስታ «ኧረ በማርያም ይግቡ!» እያለች ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። እያለቀሱ ወደ እኔ ዞረው «ማይ ፋየር፣ ማይ ፋየር» አሉኝ፤ «እሳቴ፣ እሳቴ» ማለታቸው ነው። ምድጃ ሳያጠፉ የወጡ መስሎኝ ሮጬ ኪችናቸውን አየሁ። ጠፍቷል።

ቪዲዮው ላይ ተራኪው፣ ገበሬዎች አዲስ ሣር እንዲበቅል ኮረብታውን ሲያቃጥሉ ጎጆዋም አብሮ እንደሚነድ ተናገረ። ያኔ ገባኝ፤ እማማ ማያም አገራቸው ሳሉ በለኮሱት እሳት የወፍ ጎጆ አቃጥለው ኖሯል። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።



«እኔ እኮ ያበዱ መስሎኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ቀን በኋላ አንቺን እሳቸው ጋ መተው አቆምኩ። ለምን እንደሆነም አልነገርኳቸው። መጥተው በራችንን ሲያንኳኩ ቤት የሌለን እንዲመስላቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አደርግ ነበር።»