የወንዙ ሰው አገጭ

ልጅ እያለሁ የያዘኝ አገጬን የመዳበስ ልማድ አርባ ዓመት አልፎኝም አልተወኝም። ባለፈው እሁድ ልጄ ኒያንደርታል የሚባለውን የጥንት ሰው ሥዕል በስልኩ ሲያሳየኝ፣ እጄ ሳላዝዘው አገጬ ላይ ወጣ። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ምንም አልኩት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሸዋ ሮቢት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የክፍላችን ቆርቆሮ በሙቀት እየተንጣጣ፣ ላባችን ደብተራችንን እያረጠበ፣ መምህራችን ጀርመን አገር ስላለው ኒያንደርታል ስለሚባል ሸለቆ ነገረን። የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች ዋሻ ውስጥ አጥንት አግኝተው የድብ መስሏቸው ከአፈሩ ጋር ወደ ታች ወረወሩት። በኋላ አንድ አስተማሪ አየውና የድብ ሳይሆን የጥንት ሰው መሆኑን ለየው። መምህራችን ሰውየውን በጠመኔ ሣለልን፤ ከዓይኑ በላይ ወጣ ያለ ወፍራም አጥንት፣ ወደ ኋላ የተኛ ግንባር፣ ትልቅ አፍንጫ፣ በርሜል የሚያህል ደረት፣ አጠር ያለ ክንድና ቅልጥም። ለብርድ የተሠራ ሰውነት ነው፣ እኛ ጋ ቢመጣ በአንድ ቀን ይቀልጣል ብሎ አሳቀን። በመጨረሻ «አገጭ የሚባል ግን የለውም» ሲል ክፍሉ በሙሉ አገጩን ያዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ገበያ ስላክ የሽንኩርት ነጋዴዎችን ቅንድብ ሳይ እቆያለሁ። አባቴ ከሮቢ ወንዝ በአካፋ አሸዋ እያወጣ ነበር የሚያሳድገን፤ ስለ ጀርመኖቹ ስነግረው እንደኔ አልተደነቀም፣ ተናደደ እንጂ። «ሳይጠይቁ ወረወሩት? የሰው ልጅ ቢሆንስ?» አለ። የእሱና የአሸዋ አውጪ ጓደኞቹ ደንብ ሌላ ነበር። አሸዋ ሲቆፈር የሰው አጥንት ከወጣ ሥራ ይቆማል። የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ስለማይታወቅ ቄሱም ሼሁም ይጠራሉ፣ ሁለቱም በየእምነታቸው ጸልየው ያሳርፉታል። አጥንቱን ያገኘው ሰው ደግሞ ምንም እንዳላስቀረ በፊታቸው ይምላል።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ስወርድ አባቴ አካፋውን ጥሎ ቆሟል። ከተናደው ዳር እርጥብ አፈር ውስጥ የራስ ቅል ወጥቷል። ቅንድቡ ያበጠ መሰለኝ። የብርዱን ሰው ሮቢ ዳር ማግኘቴ ነው! መምህሬ ሰኞ እስኪያየው እንዲያቆይልኝ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ሰው እስከ ሰኞ ሜዳ ላይ ያድራል እንዴ?» አለኝና እኔን ጠባቂ አድርጎ ቄሱንና ሼሁን ሊጠራ ሄደ። ዞር ሲል መንጋጋውን አንስቼ በምሳው ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ቄስ ተክሌና ሼህ ይመር መጡ፣ ጸለዩ፣ እዚያው ወንዙ ዳር ተቀብሮ ድንጋይ ተደረደረበት፤ አባቴም ማለ። እኔ ጨርቁን በብብቴ ይዤ ሲምል ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ከማንጎው ዛፍ ሥር ፈታሁት። አፈሩን በምራቄ ጠረግኩ። አገጭ ነበረው! የእኔን ያዝኩ፣ የእሱን ያዝኩ፤ አንድ ናቸው። የኛው ሰው ነው። አባቴን በሐሰት አስምዬዋለሁ፣ ሰውየውንም ጎዶሎ አስቀብሬዋለሁ። እሁድ ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ ወደ ወንዙ ወርጄ ለአባቴ ነገርኩት።

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዞ የሁለቱንም ሽማግሌዎች ደጅ አስረገጠኝ፤ በሁለቱም ቤት የተናገረው ግን እሱ ነው፤ «በውሸት ምያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። መቃብሩ እንደገና ተከፈተ። ሼህ ይመር መንጋጋውን ከእጄ ተቀብለው፣ «ያለዚህ ለፈጣሪው ምን ብሎ ሊመልስ ነበር?» ሲሉ ቄስ ተክሌ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። የመጨረሻዋን ድንጋይ እኔ እንዳስቀምጣት አደረገኝ።

ልጄ ሥዕሉን ካሳየኝ ወዲህ አላስችል ብሎኝ ትናንት ወደ ወንዙ ወረድኩ። የመቃብሩ ድንጋዮች የሉም፤ ዳሩ ራሱ የለም። አሁን አሸዋውን የሚዝቀው ሎደር ነው። ሹፌሩን እየጮህኩ አጥንት አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ ከዚህ ላይ ሆኖ ምን ይታያል ብለሽ ነው?» አለኝ። ክፋት የለውም፣ እውነቱን ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ሎደሩ ፊት ይቆም ነበር። እኔ ግን ባጃጅ አስቁሜ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ልጄ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ያ ግድግዳ ዓምና የተለሰነው ሎደር በዛቀው የሮቢ አሸዋ ነው። «ተነስ ከዚያ!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ተነሳ፤ ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።