ለሚካኤል ማግስት የታሰበ ጉዞ

አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልበትም። ቅኔ ቤት ሳለሁ መምህሬ "ይህን ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት?" ይሉ ነበር። ዲቁና ተቀብዬ፣ ላሊበላ ከተማ ገብቼ እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመርኩ በኋላም ጠባዬ አልተለወጠም። በየቀኑ እነዚያኑ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያችው እንግሊዝኛ ማሳየት ሰለቸኝ። ቅዱስ ቦታ ሰለቸኝ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሰልችቶኝ ነበር። አሸተን ማርያም ወጥተን እንግዶቹ ገዳሙን ፎቶ ሲያነሱ እኔ ፊቴን አዙሬ ቁልቁል የተከዜን ሸለቆ አያለሁ።

ዘመኑ መንግሥት ተለውጦ፣ አውሮፕላኑ እየተመላለሰ፣ ዲያቆኑም ባለ በቅሎውም አስጎብኚ ለመሆን የሚሯሯጥበት ነው። ሁሉም የሚያሳየው ድንጋይ ነበር። እኔ ወንዝ ላሳይ አልኩ። እንግዶች ጠዋት ወንዙ ሰፍቶ በሚረጋበት ባሕር ላይ ታንኳ ይቀዝፋሉ፣ ከዚያ በጎማ ላይ ተቀምጠው በጠባቡ ገደል መሃል ይንሳፈፋሉ፣ ከታች ካለው አሸዋ ላይ ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ይህን በደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጽፌ አፈርሳለሁ፣ መልሼ እጽፋለሁ፣ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ።

ወልድያ ወርጄ ከአንድ ጎሚስታ ዘጠኝ የከባድ መኪና ጎማ ከመነዳሪ ገዛሁ። እነሱን በአውቶቡስ ጣራ ጭኜ ስመጣ ተሳፋሪው ሁሉ መኪናዬ የት እንደቆመች ጠየቀኝ። ሁለቱን በእንጨት ላይ በገመድ አስሬ ታንኳ ሠራሁ። መቅዘፊያውን ያሠራሁት ከወይራ ነው፤ ጠንካራ ይሁን ብዬ ነበር፣ ለካስ ሁለት ጊዜ ከቀዘፉበት ክንድ ይገነጥላል። በባሕር ዛፍ አስለወጥኩት።

ወንዙን ያስተማረኝ ዳሩ ላይ ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚዋኝ የትኛው ድንጋይ ክረምት ላይ እንደተንከባለለ፣ የትኛው አዙሪት ሰው እንደሚይዝ ያውቃል። መስከረም መጨረሻ ላይ እኔን በጎማ አስቀምጦ፣ እየዋኘ በገመድ እየያዘ፣ ያን ጠባብ ገደል ዐሥር ጊዜ አሳለፈኝ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አሸዋው ላይ ተቀምጬ በደብተሬ ስጽፍ ይስቅብኛል።

"ዲያቆን፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፈው ወንዙ ያነበዋል ብለህ ነው?"

"እኔ ላነበው ነው።"

"እኔን ጠይቀኝ፣ ይቀልሃል።"

እኔ ግን እሱን ብቻ ጠይቄ መኖር አልቻልኩም፤ እሱ የእንግዶቹን ቋንቋ አያውቅም። ገደሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዳር ላይ የእግር መንገድ የለም። ከፊት ጎማ ላይ ተቀምጦ "በግራ፣ እግራችሁን አንሱ" የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ደብተሬን አይቶ ስድስት እንግዶች ልላክልህ አለ። ይህ ከተሳካ በየዓመቱ እልካለሁ፣ ካልተሳካ አርፈህ ድንጋይህን አሳይ አለኝ። የቆረጠልኝ ቀን በፈረንጆች ኖቬምበር ሃያ ሁለት ነው። ወዲያው በጣቴ ቆጠርኩ፤ ኅዳር ዐሥራ ሦስት፣ የሚካኤል ማግስት። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ውኃው ገና አልጎደለም፣ ጾመ ጽጌ አልቋል፣ ጾመ ነቢያት አልገባም። ከሁሉ በላይ ሚካኤልን ከአባቴ ጋር ቀድሼ በማግስቱ ወንዜ ውስጥ እገባለሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው። የሚያገለግሉት ከከተማው ወደ ተከዜ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይቆምም፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ እንደ እኔ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ለዓመቱ በዓል አባቴ ሁለት ነበሯቸው፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። የቀደሰ ይቆርባል፤ የቆረበ ደግሞ በዚያ ቀን ውኃ ውስጥ አይገባም፣ ወንዝ እንኳ አይሻገርም።

ሦስት ቀን ሲቀር መቅዘፊያዎቹን ወደ ወንዙ ሳወርድ አባቴ ቤት ጎራ አልኩ። በሚካኤል ማግስት እንግዶች እንዳሉኝ፣ የእነሱን ቀን ጠቅሼ ነገርኳቸው። አባቴ በጣታቸው ቆጠሩ።

"ዘንድሮ እኮ ዮሐንስ ነው" አሉ። "ጳጉሜን ስድስት ነበረች።"

በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀጣዩ ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ከፈረንጆቹ ጋር ሲተያይ በአንድ ቀን ይገፋል። ይህን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ ለጎረቤት ጾምና በዓል የምነግር ሰው፣ ለራሴ አንዲት ቀን ረስቼ ጉዞዬን ልክ ሚካኤል ላይ ጥዬዋለሁ። እንግዶቹ በዋዜማው ገብተው፣ በማግስቱ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። የሚዛወር ነገር የለም።

"ሌላ ዲያቆን ፈልጌ አመጣለሁ" አልኳቸው።

"ካገኘህ መልካም" አሉ።

ሁለት ቀን አልተቀመጥኩም። ከተማውን ዞርኩ፣ ባገኘሁት መኪና ተንጠልጥዬ እስከ ብልባላ ደረስኩ። ሚካኤል ያልተተከለበት አገር የለም፤ እያንዳንዱ ዲያቆን የራሱ ደብር ይዞታል። አንዱ "አንተስ የአባትህን ትተህ የት ልትሄድ ነው?" አለኝ። ወደሚቀጥለው ደብር ሄድኩ።

በዋዜማው እንግዶቹን ተቀብዬ ሆቴል አስገባሁ፣ ወደ ወንዙ የሚያወርዷቸውን ባለ በቅሎዎች ለጠዋት ቀጠርኩና አባቴ ቤት ወረድኩ። ዲያቆን እንዳላገኘሁ ልነግራቸው ነበር። ጉዞውን እንደተውኩት ልነግራቸውም አስቤ ነበር። ገበታ ቀርቦ እጅ ሳስታጥባቸው ግን ሁለቱም ከአፌ አልወጡም። እሳቸው እጃቸውን እያሹ ማንቆርቆሪያውን የያዘ እጄን ያያሉ። ከሳምንት በፊት መንጠቆ ጣቴን ሰንጥቆት ነበር፤ አሁን ደርቆ ቅርፊት ይዟል።

"አላገኘህም?" አሉ።

"አላገኘሁም።"

"በል እንግዲህ፣ ያለነው እንበቃለን" ብለው ባረኩና መብላት ጀመሩ።

ጎሕ ሲቀድ ማኅሌቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከቅጽሩ ወጥቼ ከጽዶቹ ኋላ ቆምኩ። ከዚያ ላይ ሆኜ የወንዙን ሰው፣ ያን ገበሬ፣ አየሁት፤ የታሰሩትን ከመነዳሪዎች በሁለት አህያ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ መንጠቆ አለ። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ይህን ሳስብ መቼ እንደጀመርኩና መቼ እንደጨረስኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም፤ ቅርፊቱን አንስቼ መንጠቆውን ከሥሩ ገፋሁት። ከጠበቅሁት በላይ ደማ።

አባቴ ለቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። ጣቴን ዘረጋሁ።

"ደማብኝ፣ አባ" አልኩ።

ጣቴን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ከጥምጣማቸው ጫፍ ቀጭን ቁራጭ ቀድደው፣ ቀስ ብለው ጠቅልለው አሰሩልኝ። ቋጠሮው እንዳያጠብቅብኝ ሁለት ጊዜ ፈትተው አስተካከሉት።

"በል ሂድ" አሉ። "እንግዶችህ እንዳይጠብቁህ።"

መንገዱ ላይ ሽቅብ የምትወጣ አንዲት እናት አገኘሁ። አርባ ቀን የሞላው ወንድ ልጅ ታቅፋለች፤ ክርስትና ልታስነሳው ነው። እየሳቀች "ዲያቆን፣ አንተ ቁልቁል፣ እኛ ሽቅብ" አለችኝ። ክርስትናው ያለ ቅዳሴ እንደማይሆን እሷም እኔም እናውቃለን። እግሬ አልቆመም።

ጉዞው ተሳካ። ይህን አልደብቅም፤ እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዶቹ መቅዘፊያቸው እየተጋጨ ታንኳውን በተራ ቀዘፉ። ገደሉ ውስጥ ስንገባ ድንጋዩ በሁለት ወገን ሰማዩን አጠበበው፤ ውኃው ጎማዬን አሽከርክሮ ሲለቀኝ "በግራ፣ እግራችሁን አንሱ" እያልኩ ጮህኩ፣ ሁሉም አነሱ። አንድም ሰው አልተገለበጠም። ከታች አሸዋው ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት የክንድ ያህል ዓሣ አወጡና እንደ ልጅ ዘለሉ። የወንዙ ሰው ዓሣውን ከመንጠቆ እያላቀቀ ጣቴን አየ።

"ምን ነክቶህ ነው?"

ጣቴን ስመለከት ጨርቁ የለም። አዙሪቱ ላይ ሳለን ውኃው ሳይወስደው አልቀረም። ወደ ውኃው ተመልሼ በዳር በዳር ፈለግሁት። እንግዶቹ ምን ጠፋብህ ሲሉኝ "ምንም" አልኩ። እስከ ጭኔ ድረስ ገብቼ ድንጋዮቹን እየገለበጥኩ ብዙ ቆየሁ፤ አላገኘሁትም።

ወኪሉ ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እንግዳ ላከልኝ፣ ብዙ ከመነዳሪ ጨረስኩ። እስከ ዛሬ ጉዞ ሳቅድ ግን ቀኑን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ ቆጥሬም አልረጋም።

ያን ዕለት እንግዶቹን በበቅሎ ወደ ከተማ ሸኝቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ቤት ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠዋል። ታቦቱ ወጥቶ ገብቷል፣ ሕዝቡ ጠላውን ጠጥቶ ተበትኗል፤ ቅዳሴው ግን ታጉሏል። ሕፃኑ ሳይጠመቅ ተመልሷል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ድምፃቸውን ሳያነሱ ነው።

"እጅህን አምጣ" አሉ።

ሰጠኋቸው። ጨርቁ የት ሄደ አላሉም። ውኃው ነጭ ያደረገውን ቁስል በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ነኩት።

"ማታ ውኃ ስታፈስልኝ አይቸዋለሁ" አሉ። "ደርቆ ነበር።"

እጄን ላወጣ ብል አልለቀቁኝም።

"ታዲያ ጠዋት ለምን አሰሩልኝ?" አልኩ በመጨረሻ።

"ደምቶ ነበራ" አሉ።