እግር አብሪ

ግንበኛውን አገሬው የሚያውቃቸው «እግር አብሪ» በሚል ስም ነው። አንዴ ወጣላቸው፣ ተጣበቀ። ስም ማውጣት እንጂ የወጣን ስም ማውለቅ ማን ይችላል?

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤቱ ነው። ድንጋይ የተሸከመው፣ ጭቃ የረገጠው መንደርተኛው ነው፤ ግንቡን ግን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት መስኮት፤ አለቀ። በቤታቸውና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለችው አንዲት ቀጭን መንገድ ናት። ያኔ ልጆች የሚማሩት መሬት ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ የመስኮቱን ከፍታ ለመወሰን ሜትር አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው እናቷ በሞተች በዓመቱ አባቴ ከማይታየኝ ቦታ አልገባም ብላ አስቸግራቸው ነበርና፣ ጠሯትና «ነይ እስቲ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አሏት። ግንቡ አገጯ ጋ ሲደርስ አቆሙት። መስኮቱ ከዚያ ጀመረ።

በዓመቱ አግዳሚ ወንበር መጣ። ልጆቹ ከፍ አሉ፣ መስኮቱ ባለበት ቀረ። ብርሃኑ እግራቸው ላይ ይፈስ ጀመር፤ ደብተራቸውን ጨለማ በላው። መምህሩ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበርና «የእኔ ተማሪዎች በእግራቸው ነው የሚያነቡት» እያለ በየደረሰበት አወራ። ስሙ እንዲህ ወጣ። መስኮቶቹን ከፍ ያድርጓቸው ተብለው ቢለመኑም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ልጃቸው ወንበሩን ትታ አሁንም መሬት ላይ፣ ከመካከለኛው መስኮት ሥር ትቀመጥ ነበርና። እሳቸው ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጠርቡ፣ ቀና ባሉ ቁጥር ሁለት ዐይን ይመለከታቸው ነበር።

ዐይኖቹ ካደጉ፣ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው። ልጅቷ ሩቅ ከተማ ሥራ ይዛለች። ትምህርት ቤቱም አውራ ጎዳናው ዳር ወደ ተሠራው አዲስ ሕንፃ ተዛወረና ቤቱ ባዶውን ቀረ። ግንበኛው ሻያቸውን ለሁለት ሰው በሚበቃ ማንቆርቆሪያ አፍልተው ግማሹን ይደፋሉ። ከዚያ ወጥተው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው መካከለኛውን መስኮት ሲያዩ ይመሻል።

የመንደሩ ሊቀመንበር የመጣው እዚያው እንደ ተቀመጡ ነው።

«ጋሼ፣ ቤቱን የእህል መጋዘን ልናደርገው ነው። መስኮቶቹ ይደፈኑልን። እንዲህ ዝቅ ብለው ፍየል እንኳ ዘው ትላለች።»

«ትግባ። እሷም ትማር እንጂ።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ሁለቱን እደፍናለሁ» አሉ። «መካከለኛውን ተዉልኝ።»

«ለምን?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«እርስዎ የገነቡትን በሌላ ሰው አላስነካም። ግን እህሉ ሊገባ ነው፣ ጋሼ። ይወስኑ።»

ልጃቸው በስልክ ስታገኛቸው የምትለው አንድ ነው፤ «አባዬ፣ ያንን ባዶ ቤት ተወውና እኔ ጋ ና።» እሳቸውም የሚመልሱት አንድ ነው፤ «መስኮትሽን ማን ያይልኛል?» በዚያ ሰሞን ስትደውል ግን ጠያቂው እሳቸው ሆኑ።

«ድፈነው ብለውኛል። ልድፈነው?»

«ያንን መስኮት?» አለች። «አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ በዚያ መስኮት ደስ ብሎኝ አይቼ አላውቅም። ቀና ባልኩ ቁጥር ከድንጋዩ ላይ የማጣህ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ የሚለው አንዱም ጆሮዬ አይገባም ነበር።»

«አጣሽኝ እንዴ?»

«አንድ ቀንም አላጣሁህም።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

«ድፈነው፣ አባዬ። ከዚያ በኋላ ምን ትጠብቃለህ?»

በሽቦ የታሰረውን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

መስኮት የሚደፈነው ከውጭ ነው፤ ፊቱ ያምር ዘንድ። ሁለቱን እንደዚያ አድርገው ጨረሱ። ወደ መካከለኛው ሲደርሱ ግን ጭቃቸውንና ድንጋያቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ሊቀመንበሩ ከውጭ ሆኖ «ጋሼ፣ በዚያ በኩል ነው እንዴ ዘንድሮ?» ሲል «ጥላ ፈልጌ ነው» አሉት። ጉልበታቸው እያቃሰተ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ልጃቸው ትቀመጥበት በነበረው ቦታ። በገነቡት ቤት ውስጥ እንዲህ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

አንድ ረድፍ ደረደሩ። ሁለት። ሦስት። ከላይ የቀረችው የመዳፍ ያህል ክፍተት ናት። የመጨረሻዋን ድንጋይ ይዘው ቀና አሉና በክፍተቷ አሻግረው አዩ። ቀጭኗ መንገድ አለች። የቤታቸው በር ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ላይ ድንጋያቸው አለ፤ ላዩ ላይ ማንም የለም።

ልጅቷ ስትፈራው የኖረችው ይህንን ነበር ለካ።

«አለቀ፣ ጋሼ?» አለ ሊቀመንበሩ ከውጭ።

«አንዲት ድንጋይ ቀርታኛለች» አሉ። ድንጋዩን ግን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባዶውን ደጃፍ እያዩ፣ ጭቃው እጃቸው ላይ እስኪደርቅ ቆዩ። ከዚያ አዲስ ጭቃ ቀብተው ገጠሟት።