አራተኛው ፒስተን

ባለቤቴ ሊያርፍ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ «መኪናዋን እንዳትሸጫት፤ ሞተሯን አስጨርሻት» አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም።

ሜልበርን ከገባን በኋላ የገዛናት የመጀመሪያ መኪና ነች። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳለች፤ እኔን ዲር ፓርክ ወዳለው መጋዘን ለጠዋት ሺፍት አመላልሳለች። ስታረጅ ሜልተን ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አቆማት። ዕድሜ ልኩን መካኒክ ነበርና ጡረታ ሲወጣ ሞተሯን አውርዶ ፈታው። በዚያው ታመመ።

ለአርባው እንግዶች የሚቀመጡት ጋራዡ ውስጥ ስለነበር ዋዜማውን ሳጸዳ ዋልኩ። ጠረጴዛው ላይ በአሮጌዎቹ ምትክ የገዛቸው አራት ፒስተኖች በጨርቅ ተሸፍነው ነበር። የእሱ ዕቃ ቆሽሾ እንዳይታይ ብዬ በናፍጣና በብሩሽ አጠብኳቸው፤ እንደ ብርጭቆ አብለጨለጩ።

በማግስቱ፣ ከእሱ ጋር ለዓመታት አንድ ጋራዥ ውስጥ የሠሩት ጓደኛው ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩ።

«እትዬ፣ ድስት መሰለዎት እንዴ? እንዲህ ያማረ ፒስተን ከፋብሪካም አይወጣም!»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አንዱን አንስተው አገላበጡና አናቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም። አናታቸው ላይ ቁጥር ጽፎባቸው ነበር። የትኛው የትኛው ሲሊንደር ውስጥ እንደሚገባ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፤ በጥቁር ቀለም፣ በግእዝ። ቅባት መስሎኝ አጥብቄ የፈተግሁት የእጁን ጽሑፍ ነው። እንግዳ ሁሉ እስኪሄድ ራሴን ገትቼ ቆየሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ መለኪያቸውን ይዘው መጡ። «ሰው ያጠፋውን ቁጥር ብረቱ አይረሳውም» አሉ። የእያንዳንዱን ፒስተን ውፍረትና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ስፋት እየለኩ አጋጠሟቸው። ሦስቱ ቦታቸውን አገኙ፤ አራተኛው በቀረው ቦታ ልክ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ጥፋቴ የተካሰ መሰለኝ።

«ገና ነው» አሉ። «ከመዝጋታችን በፊት ኮምፕሬሽኑን እናስላ። ሲሪንጅ አለዎት?»

ነበረኝ። ባለቤቴ መዋጥ ሲያቅተው መድኃኒቱን በአፉ የማጠጣበት ነበር፤ መጣል አልቻልኩም ነበር። አጥቤ ሰጠኋቸው።

የፒስተኑ አናት መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ዳሩን ቅባት ቀቡት፤ ቀዳዳ ያላት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከደኑበትና በቀዳዳዋ በሲሪንጁ ፈሳሽ ሞሉት። አሥራ ሁለት ሚሊ ሊትር ያዘ። ሁለተኛው አሥራ ሁለት፤ ሦስተኛውም አሥራ ሁለት። አራተኛው ስድስት ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

ደገሙት። ስድስት።

ፒስተኖቹን ጎን ለጎን አድርገው በስልካቸው መብራት አዩአቸው። የሦስቱ አናት ላይ የተቀረጸው ፊደል አንድ ነው፤ የአራተኛው ሌላ። ከዚያ ኮምፕሬሽኑን በወረቀት አሰሉት። ፒስተኑ ታች ሲወርድ ከላዩ ያለውን ቦታ ሁሉ፣ ወደ ላይ ሲወጣ በሚቀረው ጠባብ ቦታ ያካፍሉታል። ሦስቱ ዘጠኝ ዘጠኝ መጡ። አራተኛው ከአሥር አለፈ።

«ይኼ ቢገባ ሞተሩ በአንድ ጎኑ ይመታል፤ ብዙም አይቆይም» አሉ። ወዲያው ቀና ብለው አዩኝና፣ «የሸጡለት ሰዎች ናቸው የደባለቁበት። ማን አስተውሎ ያያል?» አሉ።

«እሱ ያይ ነበር፣ ጋሼ።»

እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ከጸዳ በኋላም ይጠርጉ ነበር።

የባለቤቴን የሥራ ደብተር ከመሳቢያው አወጣሁ። ልኬቱን መዝግቦታል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፤ ለአራተኛውም አሥራ ሁለት ብሏል። የመጨረሻው ቁጥር ከመስመሩ ወርዶ ተንጋድዷል። ከላይ ቀኑ አለ፤ ጥር ዘጠኝ።

ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ እንዳለ የነገሩን ከሦስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ ነው። እኛም ሕመሙን የምንቆጥረው ከሚያዝያ ነበር።

ጥር አሥራ አንድ ጥምቀት ነው። በዚያ ቀን ከበዓሉ ስመለስ ዲር ፓርክ ባቡር ጣቢያ መጥቶ ሊወስደኝ ነበር። በጠበል የራሰ ነጠላዬ በፀሐዩ ላዬ ላይ ደረቀ። ስልኩን አላነሳም። በመጨረሻ በባቡር ገባሁ። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዛሬ ነው እንዴ?» አለኝ።

ያፌዘብኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገርኩትም። እሱም ታምሜያለሁ አላለም። መነጽሬን መቀየር አለብኝ ብቻ ነው ያለው።

ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። የነገርኩት ለንስሐ አባቴ ነው። «ልጄ፣ አላወቅሽም ነበር» አሉኝ። «አዎ አባ፣ አልጠየቅሁምም» አልኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ቀለል አለኝ እንጂ አልተወኝም።

ጋሼ ትክክለኛውን ፒስተን ፈልገው አመጡ፤ ለክተው ዘጠኝ ሲሆን አሳዩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሞተሩን ዘጉት። ለድካማቸው ምሳ እንጂ ሌላ አልተቀበሉኝም። እግዚአብሔር ያክብራቸው።

«የተሳሳተውን ልጣለው?» አሉኝ።

«አይሆንም» አልኩ። ወስጄ ከደብተሩ ጋር አስቀመጥኩት።

በዘንድሮው ጥምቀት በዚያችው መኪና ሄድን። ጋሼ ይነዳሉ፤ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ሞተሩን አዳምጣለሁ። አይመታም፤ እኩል ይሄዳል። ስንመለስ ዲር ፓርክ ጣቢያው አጠገብ እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ወርጄ አምና የቆምኩበት ቦታ ቆምኩ። ነጠላዬ ገና እርጥብ ነበር።

«መጥተሃል» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

ጋሼ ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁኝ።